እስከ ሐሙስ ሦስት ርዕስ

ፕሮፌሰር ካልዶር አለች፦ «እስከ ሐሙስ ማታ
ሦስት ርዕስ አምጡ፤ ሁለቱ ይጣላሉ፣
በሦስተኛው ይጀመራል ጨዋታ።»
ከዚያ መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ
ወጣች፤ ከኋላዋ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ማስተርስ ነው፤ የንግግር ጥበብ፣ የማሳመን ብልሃት።
ስምንት ነን በክፍሉ፣ ስምንት ኮት፣ አንድ መስኮት።
ውጭ የዱሉት ከተማ፤ የኖቬምበር በረዶ
መኪኖቹን አስመስሏል የተከመረ ነዶ።

ኦትማር ወዲያው መረጠ፤ የከንቲባዎች ክርክር፣
ማን ስንት ጊዜ «ሕዝቤ» እንዳለ ሊቆጥር።
ዊላ የሽቶ ማስታወቂያ፣ ዳርነል የቀብር ስብከት፣
እኔ ባዶ ወረቀት፣
ያውም የረጠበ፤ ጓንቴን አስቀምጬበት።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ደብዳቤ ስጽፍ፣
በኢንሹራንሱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ጫፍ።
ማታ ተማሪ ነኝ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፤
እራቴ ብስኩት ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው ጥናቴ።

ሰኞ አንድ ሐሳብ መጣ፦ የመርከብ ጡሩምባ።
ከሐይቁ ማዶ መጥታ ወደብ ስትገባ
አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር ትጮኻለች፤
ድልድዩም ያንኑ ይመልሳል፤ ትሰማለች፣ ታልፋለች።
ሰላምታ ነው፣ ያለ ቃል። ደስ አለኝ። ጻፍኩት።
ማክሰኞ ሳነበው የሰው ሆኖ አገኘሁት፤
ለቱሪስት የታተመ ፖስትካርድ መሰለኝ። ሰረዝኩት።

ሁለተኛው፦ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ዝምታ።
በዝምታ ላይ ሠላሳ ገጽ? ልቤ አመነታ።
ዝምታን ስጠቅስ በግርጌ ማስታወሻ ማን ልበል?
እሱም ይሰረዝ። ሻይ ይፈላ። ሌላ ይታሰብ። ይቀጥል።

ረቡዕ፣ በሥራ ገበታ፣ ከፖስታው ክምር መሐል
አንዱ በእርሳስ ተጽፏል።
ሃልቮር ኒጋርድ ይባላል (ስሙ ይህ አይደለም፣ ለውጬዋለሁ)፣ ከሰሜን፣ ከማዕድኑ ሰፈር፤
ዳሌው ተሰብሮ በምርኩዝ ነው ደጁን የሚሻገር።
እኔ የላክሁለትን ደብዳቤ መልሶ ልኮታል፤
«ጥያቄዎ ተመርምሯል፤ እንደማይሸፈን ተወስኗል»
ከሚለው ሥር አስምሮ አንዲት ቃል ጨምሯል፦

«ማን?»

ስድብ የለ፣ ልመና የለ፣ ፊርማ እንኳ የለው።
ማን? ብቻ ነው ያለው።

ተመርምሯል። ተወስኗል። ተገኝቷል። ተዘግቷል።
አድራጊው ከግሱ ሾልኮ በጓሮ በር ወጥቷል።
አውቀዋለሁ፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፣
ኮቱንም ያቀበልኩት። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚሰጠኝ።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መመለሻ ቅጽ ፈለግሁ፤ ቅጽ የለም።
አለቃዬ «ፋይል ውስጥ ክተቺው» አለች፤ ቀና አላለችም።
ከተትኩት።

ማታ ግን የራሴን ቅጂ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ፣
ዓይኔን ወደ ታች፣ ወደ ግራው ጥግ መርቼ፣
ሁልጊዜ የማልፋቸውን ሁለት ፊደላት አየሁ፣
ከጉንዳን የማይበልጡ፤ ጸሐፊዋን የሚጠቁሙ፤
ማ.ሃ.
ማርሊስ ሃውገን።
ራሴን በራሴ ደብዳቤ አገኘሁ።

ሐሙስ። ካልዶር ዞራ ዞራ እኔ ጋ ደረሰች።
«ሦስቱስ?» «አንድ ነው» አልኳት። አነበበች። አስነጠሰች።
«ጽሑፉ ስንት ገጽ ነው?» «አንድ ቃል።»
«ተናጋሪው?» «ዳሌውን ያመመው ሰው፤ ይጠብቃል።»
«አድማጩስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልታዘዘኝም ምላሴ፤
ጓንቴን ጠመዘዝኩት፣ ውሃው ፈሰሰ በቀሚሴ።
ያኔ ከወደቡ መርከቧ ጮኸች፤
አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር።
ኦትማር እንኳ መቁጠሩን ትቶ፣
ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ሰጥቶ
ድልድዩ እስኪመልስ ይጠብቅ ነበር።